የቆርኪ ብር

«ዛሬ ምን ተማርሽ?» ማታ ማታ ስላት፣
«ተጫወትን» ትላለች፤ ሌላም ቃል የላት።
ሰኞም ተጫወትን፣ ማክሰኞም እንደዚያው፣
ደብተሯ ባዶ ነው፣ እንደገዛሁት ያው።
እርሳሷ አልተነካ፣ ጫፉ እንዳለ አለ፣
ላጲሷ ብቻ ነው በጥርስ የቆሰለ።

እኔ የመሐል ሜዳው እህል ነጋዴ ነኝ፣
እንኳንስ ጆንያው፣ መስፊያው ክር የሚቆጨኝ።
እኔ ፊደል ስቆጥር የኔታ ደጃፍ ላይ፣
ቁንጥጫው ነበረ ከፊደሉ በላይ።
«ሀ»ን ያወቅኳት በጭኔ፣ «ለ»ን በጆሮዬ፣
የልጄ ግን ጨዋታ፤ ኧረ በጌታዬ!

አንድ ጧት የጓሳ ውርጭ ጆሮ ሲነጥቅ፣
ሱቄን ለጎረቤት ትቼ እንዲጠብቅ፣
ጋቢዬን ደርቤ፣ ንግግሬን አጥንቼ፣
ትምህርት ቤት ገሠገሥኩ፣ ብርዱን በቁጣ ረትቼ።
«ዜሮ ክፍል» ይሉታል፤ ስሙን ሰማችሁት?
ከዜሮ ላይ ትርፍ የት ነው ያያችሁት?

በሩን ላንኳኳ ስል፣ እጄን እንዳነሣሁ፣
የገበያ ጫጫታ ከውስጥ ሰማሁ።
በመስኮቱ አየሁ። መስታወት የለውም፤
ጆንያ ነው መጋረጃው፣ እሱም አይሞላውም።

አንዱ ጭቃ ድቡልቡል «ቅቤ» ብሎ ይሸጣል፣
ገዢው አሽትቶ፣ «የቆየ ነው» ብሎ ይሄዳል።
የበግ ጠጉር ይዛ «ባና ነው» ትላለች፣
በዘጠኝ ቆርኪ ብር አንዷ ትሸጣለች።
አንዱ ኮሳሳ ልጅ፣ የሚሸጥ ያልያዘ፣
ራሱ በግ ሆኖ፣ «እምባ» ብሎ ተጓዘ።
መምህርት እታፈራሁ እንደ ሸማች መጥታ፣
ዋጋ ትከራከራለች ባዶ ዘንቢል አውጥታ።

ልጄስ? ልጄን ፈለግኩ። ከጥግ ላይ አየኋት፤
ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ሚዛን አቁመውላት።
ሁለት የቲማቲም ጣሳ በቃጫ ታስሮ፣
ከአንድ አርጩሜ ላይ ግራ ቀኝ ተወጥሮ።
(አርጩሜዋን አወቅኳት፤ እኔም ቤት አለች፤
እዚህ ግን ተጋድማ ባቄላ ትመዝናለች።)

«ና ጋሼ! ና ወዲህ! ባቄላ እንደ ወርቅ!»
ድምጿ የኔው ድምፅ ነው፣ ከእኔው አፍ የሚፈልቅ።
መዳፏን አሸች፤ እኔም አሻለሁ።
ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እኔም እጠርጋለሁ።
ጣሳው ላይ ባቄላ አንድ ሁለት ቆጠረች፣
ከዚያ አውራ ጣቷን ቀስ አድርጋ አሳረፈች።

አውራ ጣቷን።
እዚያው ላይ ነው እኔም የማሳርፈው፣
ማንም ሳያይብኝ ሃያ ዓመት ያለፈው።

«ቆይ!» አለ ሸማቹ፣ ስሙ ይድነቃቸው፣
ንፍጡ የወረደ፣ ዓይኑ ግን የነቃ ነው።
«ጣትሽም ይሸጣል? ከሆነ ጠቅልይው!
ካልሆነ አንሺውና ባቄላውን እንየው።»

አነሣች፤ ጣሳው ሽቅብ ተወረወረ።
በሰባት የቆመው፣ ሁለት ተጨመረ።
«ስምንት… ዘጠኝ!» ብለው ቆጠሩ በአንድ አፍ፤
አርጩሜዋም ረጋች ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«ውዳሴ፣» አለች መምህርቷ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅ፣
«ጣትሽ ስንት ባቄላ ነው? እስቲ እንጠይቅ።»
ልጄ ዝም ብላ ጣቷን ዓይታ ዓይታ፣
«ሁለት» አለች በኋላ፣ ሁለቱን አውጥታ።
«አባዬ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣» አለች፤
ቁጣም ሐፍረትም የለ፣ እንዲያው ተናገረች።

ጆሮዬ ጋለብኝ፣ ማንም ሳይቆነጥጠኝ፤
ያጠናሁት ንግግር ሁሉም አመለጠኝ።
መምህርቷ አየችኝ በጆንያው ቀዳዳ፤
«ይግቡ እንጂ» አለችኝ፣ «አይቆሙም እንደ እንግዳ።»

ትንሽ ወንበር ሰጡኝ፤ ጉልበቴ አገጬን ነካ።
ለመጫወትም ሰው ይፈራል ለካ!
ሰባት ቆርኪ ይዤ፣ ተራዬ እስኪደርሰኝ፣
በግ የሆነው ልጅ መጥቶ እጄን ላሰኝ።

ውዳሴ መዘነች፤ ሚዛኑን ጠበቀች፣
ትንፋሿን ይዛ፣ ጣቷን ከኋላ ደበቀች።
ዘጠኙን ቆጥራ በመዳፌ ላይ ስታፈስ፣
ትንሽ ከፊቴ ቆየች፣ ዓይኗም ሳይመለስ፤
ከዚያ አንድ ጨምራ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው፣
«ይሄ ደግሞ» አለችኝ፣ «ይሄ ምራቂው ነው።»

በገበያው ዕለት ጣቴ ሥራ ፈታ፣
ጋቢ ውስጥ ገባ እንደ በረደው ጌታ።
ከራቤል የምትመጣ አንዲት የጥንት ደንበኛዬ
ባቄላዋን አንሥታ፣ ከብዷት፣ ቆማ አየችኝ፤
«ሚዛንህ ተበላሸ?» ብላ ጠየቀችኝ።